ከአዳራሹ ለወጡትም ጭምር፦ በጅማ የግድግዳ ሠዓሊዎች ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ የክብር እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አካም ጅርቱ? ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶችም ምስጋናዬ ይድረስ። የቀረውን ምስጋና ጸሐፊያችን ያነበዋል።

የሠራነው አለ። የትምህርት ቤት አጥሮች ሥለናል። ሄርማታ አካባቢ በእርጥበት የተላጠ ግድግዳ ፍቀን እንደገና ቀብተናል። ለወጣቶች ሥልጠና ሰጥተናል። መሰላልም ገዝተናል። መሰላሉ ማን ቤት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ስንሸሸው ወደ ከረምነው ጉዳይ ልግባ።

ታስታውሳላችሁ፤ አንዲት ወጣት አባላችን በወርሃዊው ሥልጠና ላይ ፎቶ አዘጋጅታ ቀርባ ነበር። ርዕሷ የሰፈር ሰው የራሱን ግድግዳ እንዴት ያሠራል የሚል ነው። ከፊላደልፊያ ጀመረች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ግድግዳ የሚሞነጫጭሩ ወጣቶችን ከመክሰስ ይልቅ ብሩሽ እንስጣቸው ተባለ። ዛሬ ከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ የግድግዳ ሥዕሎች አሏት። ንድፉ ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ይመክርበታል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያዳምጥ ነበር።

ቀጥሎ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ያሠሯቸው ሥዕሎች መጡ። አንዱ ላይ ምልክታቸው የሆነው ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ ነበረበት። ይህ ባንዲራ መጀመሪያ የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ወንበር ተንኳኳ። ግማሹ ሰው ወጣ። ከወጡት ብዙዎቹ ዛሬም የሉም። መዋጯቸውም የለም።

ግልጽ ልሁን። ማንም እንዲህ ያለ ሥዕል ጅማ ላይ እንሥራ አላለም። የአገራችን ሕግ ይታወቃል፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። የእያንዳንዳችን እምነትም አለ። እሷ ያሳየችን ሌላ አገር፣ ሌላ ሰፈር፣ ባለቤቶቹ አምነውበት ያሠሩትን ነው። ግድግዳ እየሣለ የሚበላ ሰው ግድግዳ ማየት ከፈራ ምን ይሁን?

የወጡት ያላዩትን ልንገራችሁ። ኪት ሄሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ባርሴሎና ውስጥ ራቫል የሚባል ሰፈር ሄደ። ሰፈሩ ያኔ በአደንዛዥ ዕፅና በኤድስ የተጎዳ ነበር። አንድ ረጅም ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም፣ በአምስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ሁላችን አብረን ኤድስን ማቆም እንችላለን የሚል ሥዕል ሠራ። እሱ ራሱ ቫይረሱ በደሙ ነበር። በዓመቱ በ31 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ ቀይ ሪባን ያልሣለ ማን አለ? የትምህርት ቤት አጥር፣ የጤና ጣቢያ በር፣ የመናኸሪያ ግድግዳ ላይ ያንን ሪባን ሥለን ልጅ አሳድገናል። ሰውየውን አንወድ ይሆናል። ሥራው ግን የእኛው ሥራ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነበር። የባርሴሎናው ግድግዳ የቆመበት ሕንፃ እንደሚፈርስ ሲታወቅ ሥዕሉን በልኩ ገልብጠው አስቀመጡት። በዚያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ከከተማዋ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አጠገብ እንደገና ተሠራ። ልጅቷ ልንማረው የሚገባው ይህ ነው ብላ ካልክ፣ ማለትም ሥዕል የሚገለበጥበት ስስ ወረቀት፣ እና ክር ይዛ መጥታ ነበር። ወረቀቱ ሳይዘረጋ ስብሰባው ተበተነ።

ከዚያ የኮሪደር ልማቱ መጣ። መንገዱ ያስፈልገናል፤ አልቃወምም። ግን ስንት አጥር ፈረሰ? የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሣልንበት ግድግዳ፣ የጅማ በርጩማና ጀበና ያለበት ያ የምትወዱት ግድግዳ የት ሄደ? ካልክ ቀርቶ ደህና ፎቶ የለንም። አንድ አባል በስልኩ ያነሳው አለ፤ ግማሹን ባጃጅ ጋርዶታል።

ስለዚያ ሥልጠና የተነዛው ወሬ ደግሞ አላቆመም። አንድ መዋዕለ ሕፃናት የሣልነውን ቀስተ ደመና ደምስሱልን አለን። ደመሰስን፤ የቀለሙንም የጉልበቱንም አልከፈሉንም። ጅማ ውስጥ እኮ ዝናብ ባባራ ቁጥር ሰማዩ ላይ ቀስተ ደመና ይወጣል! እሱን ማን ሊደመስስ ነው?

ይሄ ያስቃል። ልጅቷ ላይ የደረሰው ግን አያስቅም። ፎቶ ስላሳየች ብቻ ስም ተለጠፈባት። በስልክ ተሰደበች። አከራይዋ ጋ ሰው ሄዶ አወራ። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። እዚህ አገር ያ ስም የተለጠፈበት ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ይደበደባል፣ ከሥራ ይባረራል፣ ከቤቱ ይወጣል። እሷ ባትሆንም፣ ብትሆንም፣ ማንም ሰው እንዲህ ሊደረግበት አይገባም። ይህን እንደ ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን እንደ ሴት ልጅ አባት ነው የምለው።

ወሬውን የጀመራችሁት ሰዎች ዛሬ አልመጣችሁም። ስም አልጠራም። የመጣችሁት ግን ስልካቸው አላችሁ፤ ደውሉላቸው። ሄደው ይቅርታ ይጠይቋት፤ አከራይዋ ጋም ሄደው ያወሩትን ያስተካክሉ። በእኔ የተናደደ ካለ እኔን ይስደበኝ፤ ቤቴ ይታወቃል፣ ቡና አለ።

ዛሬ ሁለት ነገር ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሥልጠና ኃላፊነቷ እንዲመለስላት፣ ከተስማማችም ያቋረጥነውን ትምህርት ከመጀመሪያው እንድትሰጠን። ሁለተኛ፣ ያልፈረሱ ሥዕሎቻችን ከክረምቱ በፊት በካልክ እንዲገለበጡ። ለወረቀቱ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ካዝናችን ምን እንደሚመስል አሁን ሒሳብ ያዣችን ታነብላችኋለች። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ተጠጉ፤ ድምፅ ማጉያው ጥሩ አይሰማም።