የግሪክ ፍልስፍና ቃላት እንዴት ተጠመቁ?

[በስክሪኑ ላይ፦ «ኦሞኡስዮስ»]

ይህ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። የኒቅያ ጉባኤ አባቶች ግን በ325 ዓ.ም. በሃይማኖት መግለጫቸው ውስጥ አስገቡት። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወልድ ከአብ ጋር «በባሕርይ አንድ ነው» ለማለት ነው የተጠቀሙበት።

ከፍልስፍና ሰፈር ቃል ለመዋስ ምን አስገደዳቸው? የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እንደሚተርከው፣ ወልድ ፍጡር ነው የሚሉት የአርዮስ ወገኖች የሚቀርብላቸውን ጥቅስ ሁሉ ይቀበሉ ነበር። ወልድ «ከእግዚአብሔር ነው» ሲባሉ፣ «ፍጥረትም ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አርዮሳዊው ወደ ራሱ ሊጠመዝዘው የማይችል ቃል አስፈለገ።

ቃሉ ግን ብቻውን አልመጣም፤ የቀድሞ ትርጉሙንም ይዞ መጣ። በ268 አንጾኪያ ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ከተወገዘው የአንጾኪያ ጳጳስ ከሳምሳጢው ጳውሎስ ትምህርት ጋር በተያያዘ ይህንኑ ቃል ነቅፈውት እንደነበር የ4ኛው ክፍለ ዘመን አባቶች ራሳቸው ጽፈዋል። የሚያስፈራውን ነገር የቂሳርያው ጳጳስ ባስልዮስ በናስ ምሳሌ ያስረዳል፦ ከአንድ ናስ ሁለት ሳንቲም ቢሠራ፣ ናሱ ከሁለቱም ይቀድማል። አብና ወልድም ከሚቀድማቸው ሦስተኛ ነገር የተከፈሉ ይመስላሉ ማለት ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ኡሲያ | ሂፖስታሲስ]

ሌላም ችግር ነበር። ዛሬ «ባሕርይ» እና «አካል» ብለን የምንለያቸውን እነዚህን ሁለት ቃላት የኒቅያ ውግዘት እንደ አንድ ነው የተጠቀመባቸው። በዚህ ምክንያት «ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚለው ሰው ሦስት አማልክት የሚያመልክ መሰለ፤ «አንድ ሂፖስታሲስ» የሚለው ደግሞ የአብንና የወልድን ልዩነት የሚያጠፋ። በ362 አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጉባኤ ሁለቱንም ወገኖች «በቃሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ አስጠየቀ። እምነታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልህ እርምጃ የለም። ከዚያ በኋላ ባስልዮስና ሁለቱ ጎርጎርዮሶች (የኑሲሱና የናዝያንዙ) ኡሲያን ለሚጋሩት፣ ሂፖስታሲስን ለየራሳቸው ለሆነው መደቡ። የ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የኒቅያን እምነት ያጸናው ይህ ሥራ መልክ ከያዘ በኋላ ነው።

እንግዲህ መዋሱ ሦስት ሥራ አለው፦ ቃሉን መውሰድ፣ የማይስማማውን ትርጉም ቆርጦ መጣል፣ የቀረውን እንደ አጥር በግልጽ አረፍተ ነገር ዙሪያውን ማጠር። መቁረጡ ሲዘለል ምን እንደሚሆን በእስክንድርያው ሊቅ በኦሪጀን እናያለን። ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለውን የፕላቶን ሐሳብ አስገባ፤ በ553 ተወገዘ።

የሚወሰደው ቃል ሳይሆን የአሕዛብ ልማድ ሲሆን ሥራው ይከብዳል፤ ስግደትን እንደ ቃል በአረፍተ ነገር ማጠር አይቻልም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሮማ፣ 601]

የሮማው ፓፓ ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄደው ሚስዮናዊ ለሜሊተስ ዝርዝር መመሪያ ጻፈ። የቤተ ጣዖቱ ሕንጻ አይፍረስ፤ ጣዖቱ ይሰበር፤ ጠበል ይረጭ፤ መሠዊያ ይሠራ፤ የቅዱሳን አፅም ይቀመጥ። ለአጋንንት ይታረድ የነበረው በሬም ለሰማዕታት በዓል ይታረድና ሕዝቡ እያመሰገነ ይብላው። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፦ ወደ ከፍታ የሚወጣ ሰው ደረጃ በደረጃ እንጂ በዝላይ አይወጣም። ይኸው ጎርጎርዮስ ቀደም ሲል በእንግሊዝ ለኬንት ንጉሥ ለኤተልበርት ቤተ ጣዖታቱን እንዲያፈርስ ጽፎ ነበር፤ ሐሳቡን ለወጠ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቻይና]

የካቶሊክ ሚስዮናዊው ማቴዎ ሪቺ በ1601 ቤጂንግ ገባ። ለአባቶች መታሰቢያ መስገድን አክብሮት እንጂ አምልኮ አይደለም ብሎ ለክርስቲያኖቹ ፈቀደ። ሌሎች ሚስዮናውያን ጣዖት አምልኮ ነው ብለው ሮማ ከሰሱ። በ1715 ፓፓ ቀሌምንጦስ 11ኛ ሥርዓቱን ከለከሉ፤ በ1721 ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በምላሹ የሚስዮናውያኑን ስብከት አገዱ። የ362ቱ «ምን ማለታችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ተጠይቆ ነበር፤ በ1700 ካንግሺ ራሳቸው «አክብሮት ነው» ብለው መልሰዋል። ሮማ መልሱን አልተቀበለችም። በሟች ፎቶግራፍ ወይም ስሙ በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት መስገድ የተፈቀደው በ1939 ነው።