ያቺ ትንፋሽ

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ናችሁ? ወንበሩ ሲንጫጫ ከሰማችሁ፣ አዎ፣ ያው ወንበር ነው። አልተቀየረም። አትጠይቁኝ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ይቺ ነገር አልለቅ አለችኝ። ትራንስክሪፕሽን፣ ማለት የተቀዳ ድምፅ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ጀመርኩ ብዬ ባለፈው ጉራዬን የነዛሁባችሁን ታስታውሳላችሁ? «ቁጭ ብሎ ሰምቶ መጻፍ ነው፣ ምን ይከብዳል» ያልኩት እኔ ነኝ። አፌን በቆረጠው።

የመጀመሪያው ፋይል 47 ደቂቃ ነበር። ለጥናት የተደረገ ቃለ መጠይቅ። 9 ሰዓት ፈጀብኝ። ክፍያው ደግሞ በድምፁ ደቂቃ ነው እንጂ ተጎልታችሁ በዋላችሁበት ሰዓት አይደለም። የለመዱት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ድምፅ 4 ሰዓት ገደማ ይበቃል ይላሉ። እኔ በ4 ሰዓት ገና «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁ» ላይ ነበርኩ። እሺ፣ አጋነንኩ።

ኋላ አንዲት ልጅ ኦትራንስክራይብ የሚባል የመገልበጫ መሣሪያ አሳየችኝ። ነጻ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። ኢስኬፕ ስትጫኑ ድምፁ ይቆማል፣ ኤፍ 1 ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እጅ ከኪቦርዱ አይነሳም። የኔ ኤፍ 1 ቁልፍ ላይ የተጻፈውማ ከመጫን ብዛት ሊጠፋ ነው።

ደሞ ፊደሉ! ዕድሜ ልኬን ሀ ብጽፍ ሐ ብጽፍ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ ግን ፋይሉ ተመለሰልኝ። አንድ ቦታ «ሐኪም»፣ ሌላ ቦታ «ሀኪም» ብያለሁ። አጥኚዋ ቃሉን ስትፈልግ ኮምፒውተሩ ግማሹን ብቻ ያወጣላታል። እውነቷን ነው። የአራተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪዬ ይህን ብትሰማ... ተዉት።

ወደ ነገሬ።

ትእዛዙ ክሊን ቨርባቲም ነው፤ ቃል በቃል፣ ግን ተጣርቶ። «እእእ»፣ ሳል፣ መንተባተብ፣ ሁሉም ተቆርጦ ይወጣል። ሁለተኛው ፋይል ላይ አንዲት እናት አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ጠያቂዋ አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ብቻ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ነው። ከባድ ጥያቄ። ከዚያ ዝም። ውጭ ዶሮ ይጮኻል። አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ጠያቂዋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

እኔ ምን ጻፍኩ? ቅንፍ ከፈትኩ፣ «መልስ የለም»፣ ቅንፍ ዘጋሁ። ደቂቃውን አስገባሁ። ላክሁት። ተከፈለኝ። በብሩ ሄድፎን ገዛሁበት።

ከሳምንት በኋላ እማዬን «ቡናው ፈላ?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እንደዚህ... ሰማችሁት? ሁላችንም የምናደርጋት። አዎ ማለት ነው እኮ!

ሲኒ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እኛ ቤት በቀን መቶ ጊዜ የሚባል አዎ ነው። ፈረንጅ ሲሰማው ሰውዬው የደነገጠ ይመስለዋል፣ ስንት ጊዜ ስቀንበታል። እና እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰካሁና ፈረንጅ ሆንኩ። ሳል ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ ይውጣ።

ግን እኮ... ጠያቂዋ ፊት ለፊታቸው ነበረች። አይታቸዋለች። ማስታወሻዋ ላይ ጽፋው ይሆናል። ወይም ደግሞ እሳቸው ዝም ብለው ተንፍሰው ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው፣ ሰው ይተነፍሳል። ምን ላድርግ፣ መተንፈስ ሁሉ አዎ ነው ልበል?

ካስረከባችሁ በኋላ ፋይሉን አጥፉ ይላል ውሉ። አላጠፋሁትም። ኧረ ይሄን ክፍል መቁረጥ አለብኝ። ትናንት ማታ እንደገና ሰማሁት። ኤፍ 1፣ ኤፍ 1፣ ኤፍ 1። በአዲሱ ሄድፎን ጥርት ብሎ የሚሰማው ዶሮው ነው።

ለአጥኚዋ ኢሜይል ጀምሬያለሁ። «መልስ የለም ያልኩት ቦታ ላይ ምናልባት» ይልና እዚያ ጋ ቆሟል። ሦስት ቀኑ። ምናልባት ምን? የሳቸውን አዎ እኔ...

እማዬ ናት። መጣሁ! ... አይ፣ እየቀዳሁ ነው... እሺ መጣሁ አልኩ እኮ።

ቆይ፣ የት ነበርኩ?