የወንድምጋሼ ጃንጥላ

ወደ ቁልቢ የእግር ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ምሽት፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ለእድርተኞችና ለጎረቤቶች የተደረገ ንግግር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወንድምጋሼ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ተክላችሁ፣ ከእማዬ ጋር አብራችሁ ያደራችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ጊዜ አፌን ይዞኝ አላመሰገንኳችሁም።

ወንድምጋሼ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በኩላሊት እጥበት ኖረ። ቤታችሁ ያልገባ ካለ ልንገራችሁ። ሰው አራት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ይጋደማል፤ ደሙ በቱቦ ይወጣና በማጣሪያ አልፎ ይመለሳል። ማጣሪያውም ቱቦውም ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ሐኪም የሚያዘው በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ እኛ ሁለት ጊዜ ቻልን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ። ለምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ኩላሊቱ ውሃ ስለማያስወጣ የሚጠጣው እንኳ ተለክቶ ነው። በሚያዝያ፣ በድሬ ሙቀት፣ ለልጇ ውሃ በብርጭቆ የምትለካ እናት ምን እንደሚሰማት እማዬን አይቼ አውቃለሁ።

በዚያ መሃል ነው የተሳለው። «ቢሻለኝ ከድሬ ቁልቢ በእግሬ ሄጄ ለገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ» አለ። እማዬ ስለቱ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዝታ በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ጃንጥላው እዚያው እንዳለ ወንድምጋሼ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መከረን። አንዳንዱ «ስላልዳነ ስለት የለበትም፣ ሽጡት» አለ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለወራት ያንን ጃንጥላ ቀና ብዬ ማየት አልፈልግም ነበር። ተቀይሜ ነበር።

ቅያሜዬን ያበረደው የቁልቢ ታሪክ ነው። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። እኔ ግን ስለ ሌሎቹ ማሰብ ጀመርኩ። ከሐረር አብረዋቸው ከወጡት ውስጥ እንደሳቸው ተስሎ ያልተመለሰ ስንት ነበር? የእነዚያን ስለት ማን አስገባ? ራስ መኮንን ራሳቸውስ በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ አይደለም? ያሠሩት ደብር አጠገባቸው ነበር፤ ሞት ግን አልቀረላቸውም። ይህን ለእማዬ ስነግራት ብዙ ዝም አለችና «እንግዲያው የልጄ ጃንጥላ መንገዱን ያውቀዋል፣ ውሰጂው» አለችኝ።

ስለዚህ ነገ፣ ታኅሣሥ 17፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከዚህ እንነሳለን። እስካሁን 31 ሰው ተመዝግቧል። ፀሐይ ሳትከርር ደንገጎን እንወጣለን። ያ ዳገት ከባድ ነው፣ ድሬ ለለመደ እግር ብርዱም አይቀርለትም፤ ጋቢ ያዙ። ቀርሳ እናድራለን፣ ከዚያ በላንጌ አድርገን ለዋዜማ ቁልቢ እንገባለን። ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ የተሳለ ይሸከም፤ ያልተሳለ ግን ጀርባው ላይ ውሃ ይያዝ።

መንገዱ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰፈራችን እጥበት ላይ ላሉት መርዳት የሚፈልግ፣ ለምንሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚሰጠውን ያስመዘግባል፤ በኪሎ ሜትር 10 ብር ያለ ሰው 650 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ትናንት ማታ አንዲት ሙስሊም እናታችን ቤት ድረስ መጥተው «እኔም ለገብርኤል ስለት አለብኝ፣ ጉልበቴ ግን እምቢ አለኝ» ብለው 20 ብር በኪሎ ሜትር አስመዘገቡ። ድሬ ያደገ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ እኔን ግን አስለቀሰኝ።

ገንዘቡ በእኔ እጅ አይገባም። በእድሩ ሒሳብ ይገባና፣ ከሰፈራችን እጥበት ላይ ላሉት በየስማቸው በቀጥታ ለሕክምናው ይከፈላል፤ ደረሰኙን ገንዘብ ያዣችን በወር ስብሰባ ያነቡላችኋል። የአንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል ነው የምንሄደው። የተዘለለ ቀን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሌሊቱን ተቀምጦ ማደር ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኛችሁ ላብቃ። የወንድምጋሼን ኩላሊት የጎዳው የደም ግፊት ነው። ራሴን አመመኝ ሲል ድካም ነው፣ ሙቀት ነው እያልን ለዓመታት ሳይለካ ቀረ። ግፊትና ስኳር ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ ነው ኩላሊት የሚጨርሱት። በሩ አጠገብ ሁለት ነርሶች ተቀምጠዋል። የሚሄድም የሚቀርም፣ በተለይ እናንተ ጎልማሶች «እኔ ደህና ነኝ» የምትሉት፣ ሳትለኩ ከዚህ እንዳትወጡብኝ።

እማዬ፣ ነይ ወደዚህ። ጃንጥላውን አንቺው አቀብይኝ።