የአባቷን ስም አልጠየቅኋትም

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን አንድ የስም ዝርዝር ይዤ ነው የከረምኩት፤ እየተመለስኩ አነበዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ደግሞ አነሳዋለሁ። የናንሰን የስደተኞች ሽልማት ተሸላሚዎች ዝርዝር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1954 ጀምሮ ስደተኞችን ለረዱ ሰዎች የሚሰጠው ሽልማት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ኤሌኖር ሩዝቬልት ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ የጀርመኗ አንጌላ ሜርክል። ትልልቅ ስሞች ናቸው፣ ይገባቸዋልም። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ ግን ሌሎቹ ናቸው።

ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ናንሰን ልንገራችሁ። ፍሪድቾፍ ናንሰን ኖርዌያዊ አሳሽ ነው። በ1888 ግሪንላንድን በበረዶ መንሸራተቻ ያቋረጠ ሰው። በ1921 የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። ያኔ ከአብዮቱና ከእርስ በርስ ጦርነቱ የሸሹ ሩስያውያን በየአገሩ ተበትነዋል፤ አዲሱ መንግሥት ደግሞ የብዙዎቹን ዜግነት ሰርዞታል። የእኔ የሚላቸው አገር የለም። ድንበር ላይ ሲደርሱ የሚያሳዩት ነገር የለም። ናንሰን ታዲያ ምን አደረገ? ወረቀት አወጣላቸው። በ1922 የተጀመረው ያ ወረቀት የናንሰን ፓስፖርት ተባለ፤ ኋላ ለአርመኖችም ተሰጠ፤ ከ50 በላይ መንግሥታትም ተቀበሉት። ሰዓሊው ማርክ ሻጋል ይዞታል፣ የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪ ይዞታል። ዜግነት አይሰጥም። ግባ ብሎ በር አያስከፍትም። ግን ይህ ሰው እገሌ ነው ይላል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ።

ከአገር በወጣሁበት ጊዜ አንድ ቢሮ ውስጥ ተመዘገብኩ። ስሜን ተናገርኩ፤ የእኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን። የመዘገበኝ ሰው ምን እንደገባው እንጃ፣ የአባቴን ስም የእኔ አድርጎ ጻፈው። የአያቴ ስም ጭራሽ ጠፋ። የትውልድ ቀኔንም ወደ እነሱ አቆጣጠር መመለስ አስቸገረና ጃንዋሪ 1 ተባለ። ከእኔ ጋር ተሰልፎ ከነበረው ሰው ስንቱ ጃንዋሪ 1 ተወለደ መሰላችሁ!

በሳምንቱ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሩኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከውስጥ አንድ ድምፅ የአባቴን ስም ጠራ። አባቴ ከሞተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ስሙን በዚያ አገር፣ በዚያ ድምፅ ስሰማው ደነገጥኩ፤ ዞር ብዬ በሩን ሁሉ አየሁ። የሚጠራው እኔን መሆኑ አልገባኝም። ሁለቴ ተጠራ፣ ዝም አልኩ፣ ተራዬ አለፈ። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ወር ጠበቅሁ።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ያገኘሁት። በዕድሜ ጠና ያለች፣ በበጎ ፈቃድ ቅጽ የምታስሞላ። የያዝኩትን ካርድ አየችና፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ «እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?» አለችኝ። ነገርኳት። እያንዳንዱን ድምፅ እያስደገመችኝ ጻፈችው። ሦስት ከሰዓት በኋላ አብራኝ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክ ደወለች፣ ቆመች፣ ተከራከረች።

እንግዲህ ዝርዝሩን ሳነብ አይኔ ወደ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ነው የሚሄደው። የ2019ኙ ተሸላሚ አዚዝቤክ አሹሮቭ የኪርጊስታን ጠበቃ ነው። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ፣ የፈረሰ አገር ፓስፖርት ይዘው የቀሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። አሹሮቭና ባልደረቦቹ በአሮጌ መኪና፣ መንገዱ ሲያልቅ በፈረስ፣ ተራራ ለተራራ እየዞሩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ዜግነት እንዲያገኙ ረዱ። ከእነዚህ ውስጥ 2,000 ያህሉ ልጆች ናቸው። ዜግነት የሌለው ሰው እኮ ትዳሩን አያስመዘግብም፣ ልጁም እንደ አባቱ ወረቀት አልባ ሆኖ ይወለዳል። የአሹሮቭ ቤተሰብም ከኡዝቤኪስታን መጥቶ በዚሁ መከራ ያለፈ ነው።

የደቡብ ሱዳኑ ሐኪም ኢቫን አታርም አለ፣ የ2018ቱ። በ2011 በሱዳኗ ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ የኩርሙክ ሆስፒታሉን ዕቃ ጭኖ፣ ሠራተኞቹን ይዞ ተሰደደ፤ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ቡንጅ ደርሶ ጠረጴዛ አነባብሮ ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ሽልማት ምን ይፈይዳል የሚል ጥርጣሬ ነበረኝ። በሚበላሽ ጄኔሬተር፣ በአንዲት መብራት ሰው ለሚያድን ሐኪም ግን ይፈይዳል።

ደጋግሜ የምመለሰው ግን 2011 ላይ ነው፤ የየመን የሰብዓዊ ትብብር ማኅበር። ሠራተኞቹ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሌት ተቀን ይዞሩ ነበር። በጀልባ የሚመጡት ሶማሌዎችና የእኛው ልጆች ናቸው። አሻጋሪዎቹ የባሕር ጠባቂ ያየን እንደሆነ ብለው፣ ዳርቻው ገና ሳይደርስ ሰውን ወደ ውኃው ይገፈትሩታል፤ ዋና የማይችለው ይቀራል። የማኅበሩ ሠራተኞች የተረፈውን አንስተው ውኃና ምግብ ይሰጣሉ፣ ያክማሉ። ባሕሩ የመለሰውን አስከሬን ደግሞ ይቀብራሉ። የማያውቁትን የሰው ልጅ፣ አልቃሽ የሌለውን፣ አጥበው አፈር ያለብሱታል። አገር ቤት እናቱ ስልክ እየጠበቀች ነው። እኔ ለእነዚያ ሰዎች የምለው ቃል አጥሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበል።

ለዚህ ሽልማት ማንም ሰው ዕጩ መጠቆም ይችላል። ይህን ሳውቅ ያቺን ሴት ልጠቁም ብዬ ተነሳሁ። ስሟን ጻፍኩ፤ ሁላችንም የምንጠራትን አንዷን ስም። ቀጥሎ ያለው ሙሉ ስም ይላል።

ካርዴ ዛሬም አለኝ። የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ፣ ሦስቱም በየቦታቸው፣ በእሷ እጅ ተስተካክለው። የእሷን የአባት ስም ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።