ሽፈራው ቢንተከተክ ኃይሉ ይጨምራል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬም ከሐዋሳ ነን። አንቲኦክሲዳንት ህዋሳችንን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር ነው፤ ዝርዝሩን አልደግመውም። የዛሬው ጥያቄ፦ ከሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል እንዴት ይወጣል? መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መውጣቱ ሌላ ነገር ነው።

ቅቤ ሲነጠር አይታችኋል አይደል? እስቲ ቀስ ብለን እንየው፣ በጣም የምወደው ነገር ነው። ቅቤው ለዘብ ባለ እሳት ይቀልጣል። ኮሰረቱ ይገባል፣ ኮረሪማው ይገባል፣ እርዱ ይገባል። ኮረሪማው ተወቅጦ ነው የሚገባው፤ ድፍኑን ብትጥሉት ሽታውን ይዞ ይቀራል። እርዱንማ ተመልከቱት! ውኃ ውስጥ ብትበትኑት ቆይቶ ከሥር ይዘቅጣል። ቅቤ ውስጥ ግን ቅቤው ራሱ ቢጫ ይሆናል። ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ አንቲኦክሲዳንት ቅባት ነዋ የሚወደው። እሳቱ ከበዛ ደግሞ ቅመሙ ያርራል። እናቶቻችን አሟሚውን (እዚህ ቅቤውን) መርጠው፣ ወቅጠው፣ ሙቀቱን መጥነው፣ አጥልለው ይጨርሳሉ። የላብራቶሪውም ሥራ ይኸው ነው።

አሁን ፈጠን እንበል። ፖሊፊኖል ለሚባሉት የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንቶች ብዙ ጊዜ የውኃና የአልኮል ድብልቅ ከሁለቱም ለየብቻ ይሻላል። ካሮቲኖይድ (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም) ዘይት ወይም ሄክሴን የሚባል ቅባት የሚያሟማ ፈሳሽ ይፈልጋል። መዘፍዘፍ ቀላል ነው፣ ግን ቀርፋፋ። ከ1879 ጀምሮ ያለው ሶክስሌት የሚባል መሣሪያ ትኩስ አሟሚውን እየደጋገመ አሟጦ ያወጣል፣ ግን ለሰዓታት ያሞቃል። አልትራሳውንድ (ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ) ህዋሱን ሰባብሮ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ31 ዲግሪ ሙቀትና ከ74 ባር ግፊት በላይ ሲሆን ቅባት ወዳዶቹን ያሟማል።

ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም። ብዙዎቻችሁ «ሽፈራው ሲንተከተክና ውኃው ሲጠቁር ኃይሉ ይጨምራል» ትሉኛላችሁ። አይጨምርም! መጥቆሩ የአንቲኦክሲዳንት መለኪያ አይደለም። ሙቀት መጀመሪያ ላይ ይረዳል፣ ህዋሱን ይከፍታል። ሲቆይ ግን ቫይታሚን ሲን ያጠፋል፤ አንዳንድ ፖሊፊኖሎችንም ያፈርሳል። በፀሐይ የደረቀ ቅጠል ከሆነማ ቫይታሚን ሲው ገበያ ሳይደርስ አብዛኛው ሄዷል። እኔ ጥላ ላይ የደረቀውን ነው የምገዛው። የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ክደኑት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ አጥልሉ። በቃ።

ኮንሶ ውስጥ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት የሚድቦለቦል ምግብ) ጋር ይበላል። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሻይ ላይ ወንፊቱ ላይ ከቀረው ቅጠል ጋር የምንደፋው ካሮቲኖይድ እዚያ አይደፋም። ቤታችሁ ቅጠሉን ስትሠሩ ትንሽ ዘይት ጣል አድርጉበት፣ ሰውነታችሁ ካሮቲኖይዱን በደንብ እንዲወስደው።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ልኬቱ ነው፦ ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፣ አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል።