ጣሳው ውስጥ ያለው ሥጋ፦ ኮርንድ ቢፍ ገበታችን ላይ ምን ይዞ ይመጣል?

(ምስል፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጠባብ ኩሽና። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ወገን ጠበብ፣ ከሌላው ሰፋ ያለ ጣሳ።)

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ከታች ሱቅ ያመጣሁት ይሄን ነው፤ ኮርንድ ቢፍ። ሰፈሬ ከከተማው ጫፍ ነው። የለመድኩት ሉካንዳ ድረስ በታክሲ ሄጄ፣ ተሰልፌ እስክመለስ ቅዳሜዬ አለቀ ማለት ነው። ይሄ ጣሳ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ቢሆንም አይበላሽም። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ግድ የለውም።

ስሙን ቶሎ እንገላገለው። «ኮርን» ዛሬ በእንግሊዝኛ በቆሎ ማለት ቢሆንም እዚህ ውስጥ በቆሎ የለም። በድሮው እንግሊዝኛ «ኮርን» ማለት ቅንጣት ማለት ነበር። ቅንጣቷ ደግሞ ጨው ናት። የበሬ ሥጋው ጨው ውስጥ ይቆያል፣ ይቀቀላል፣ ይታሸጋል፣ ከታሸገ በኋላ እንደገና በከፍተኛ ሙቀት ይበስላል። የቋንጣ ዘመድ በሉት። የኮሶ ስጋት የለበትም፤ ጥሬ ለምንወድ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የታች ቤቷ እማማ ጣሳውን አገላብጠው አይተው «ማን ባረከው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተመረተበት አገር ጣሳው ላይ ይጻፋል፤ ሐላል ከሆነም ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ለእርሳቸው ግን ያ መልስ አይሆንም። «እኔ ሽሮዬ ይበቃኛል» ብለው ሄዱ።

(ምስል፦ ጣሳው ተከፍቶ። ሥጋው ሳህን ላይ ይገለበጣል፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ስብ ይታያል።)

እንግዲህ 100 ግራሙ ውስጥ ምን አለ? ወደ 27 ግራም ፕሮቲን። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ከትኩስ የበሰለ ሥጋ እምብዛም አይተናነስም። 250 ካሎሪ ገደማ። 15 ግራም ያህል ስብ፣ ከዚያ ውስጥ 6 ግራሙ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት። ብረት 2 ሚሊግራም፤ ከሥጋ የሚገኝ ብረት ደግሞ ከእህልና ከቅጠል ከሚገኘው ይልቅ ለሰውነት ይቀለዋል።

ቫይታሚን ቢ12ም አለ፤ 100 ግራሙ አንድ ትልቅ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሰጣል። ይሄ ቫይታሚን ምስርና ሽሮ ውስጥ የለም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚጾም ሰው አይደንግጥ፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ ያከማቸዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ዓመቱን ሙሉ ብዙም የማይነካ ሰው ግን ነገሩን ያስብበት።

ጣሳው ውስጥ የሌለው ደግሞ አለ። አሰር የለም። ቫይታሚን ሲ የለም። አንድም ቅጠል የለም።

አሁን ወደ ጨው።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን አይደል? ይሄኛው ለጎረቤትም ጭምር ጣፍጧል። 100 ግራሙ ውስጥ 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም፣ ማለትም የጨው አንዱ ክፍል የሆነው ንጥረ ነገር፣ አለ። ያልተነካ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ 60 ገደማ ነው። አስራ አምስት እጥፍ! መለያው ላይ ሶዲየም ብሎ ከጻፈ በ2.5 አባዙት፣ የገበታ ጨው ይወጣላችኋል። ስለዚህ ባለ 340 ግራሙ ጣሳ ሰባት ግራም ተኩል ያህል ጨው ይዟል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው ለሙሉ ቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

እኔ አንድ ሙሉ ጣሳ ብቻዬን በዳቦ የበላሁበት ማታ ነበር። ሌሊቱን ውኃ ስጠጣ አደርኩ። ዳቦውም ጨው እንዳለበት ያኔ አላሰብኩም።

ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ይሄን ጣሳ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይልመደው። ለሕፃን አትስጡ፤ ኩላሊቱ ገና ነው።

ሌላም አለ። ሥጋው ተቀቅሎም ለምን ሮዝ ሆነ? ሶዲየም ናይትራይት ስለሚጨመርበት ነው። መለያው ላይ ኢ 250 ተብሎም ይጻፋል። ቀለሙን ይጠብቃል፣ አደገኛ ተህዋስያንንም ይከላከላል። በሌላ በኩል፣ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 እንዲህ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን አደጋ በ18 በመቶ ይጨምራል ነው ያሉት። ጭማሪው ቀድሞ በነበረው አደጋ ላይ የሚታሰብ ነው እንጂ ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። «በየቀኑ» የሚለውንም አትዝለሉት። ለእኔ ኮርንድ ቢፍ በሳምንት ቢበዛ አንዴ ነው።

(ምስል፦ መጥበሻ ላይ ሽንኩርት። ቲማቲም ይከተላል።)

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ግማሽ ጣሳ ለሦስት ሰው። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፤ ከዳሩ የፋቅሁት ስብ ሽንኩርቱን ያቁላላዋል። ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ካሮት፣ ደህና ጭብጥ ጎመን። ሥጋው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ቀድሞውንም የበሰለ ነው፣ እስኪያር መጥበስ አያስፈልገውም። በርበሬያችን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ስለዚህ እሱን ትቼ በቃሪያ እጨርሰዋለሁ። ጨው? አትሞክሩት!

ለአንድ ሰው 15 ግራም ያህል ፕሮቲንና 1.3 ግራም ጨው ይደርሰዋል። ሥጋው እዚህ ማጣፈጫ ነው፤ ሆድ የሚሞላው አትክልቱና እንጀራው ነው። ቲማቲሙና ቃሪያው ቫይታሚን ሲ ስላላቸው የጤፉን ብረት ሰውነታችን እንዲወስድ ያግዛሉ። ቡናው ግን አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ብረቱን ይሻማል። አዎ፣ እኔም ይከብደኛል።

(ምስል፦ ጣሳው በቅርበት።)

ስትገዙ ጣሳውን ዳብሱት። ያበጠ፣ የዛገ፣ መገጣጠሚያው ላይ የተጨረማመተ ከሆነ መልሱት። ያበጠውን ለመቅመስ እንኳ አትክፈቱ። የተረፈውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውራችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ በሁለትና ሦስት ቀን ጨርሱት። ፍሪጁ ካልሠራ ግን በዚያው ቀን...

(ምስሉ ይጨልማል። የፍሪጁ ድምፅ ይቆማል።)

ይኸው። ቀሪው ግማሽ ለራት ሆነ። ቲማቲም ግን ጨርሻለሁ፤ ወደ ሱቅ ልውረድ።