ብርዱ ቤት ውስጥ ነው

እንደምን አደራችሁ። ይህን የምቀዳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደሴ ነኝ። ወሩ ታህሳስ ነው። ጋቢ ለብሼ፣ በላዩ የእናቴን ቡልኮ ደርቤ ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ብዬ አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትር ገዛሁ። አልጋዋ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አሁን 10 ዲግሪ ይላል። ልብ በሉልኝ፣ ውጪ አይደለም። እናቴ የምትተኛበት ክፍል ነው።

ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ዳላስ ነው የምትኖረው፣ ቴክሳስ። ድሮ አሜሪካ እንደሄደች ሰሞን "እናንተ ጋ እኮ ብርድ የሚባል ነገር የለም" ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አላለችም። "እማማን ሌሊት ብቻዋን አታስተኛት" አለችኝ። ለምን እንደተለወጠች እመጣበታለሁ።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ እመላለሳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ከደሴ ስንነሳ የሚኒባሱ መስኮት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የከፈተ ሰው ካለ ከኋላ "ኧረ ዝጉልን፣ በአላህ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዝን ስንወርድ አንዱ ኮፍያውን ያወልቃል። አንዷ ሻርፗን ትፈታለች። ኮምቦልቻ ስንገባ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፣ ጃኬቱ ሁሉ ክንድ ላይ ነው። ማታ ስንመለስ ደግሞ ይኸው ነገር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይደገማል።

ምስጢሩ ከፍታው ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በግማሽ ዲግሪ፣ ትንሽም ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ያስታውቃል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የባቲ ልጅ አለ። ባቲ ከኮምቦልቻም በታች ነው፣ ይሞቃል። ታህሳስ ሲገባ ይህ ልጅ ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ሻርፕ አድርጎ ይመጣል። "ኮምቦልቻ በብርድ ልትገድለኝ ነው" ይላል። እኔ የደሴው ልጅ እስቅበት ነበር። ከደሴም ከፍ ከሚለው ከደላንታ የመጣ ሰው ደግሞ ደሴ ላይ እኔን አይቶ ይስቃል። እንዲህ እየተሳሳቅን ስንት ዓመት ኖርን። አሁን መሳቁን ትቻለሁ። ልጁ እውነቱን ነው። ሰውነቱ የለመደው ሌላ ነው።

ግራ መጋባቱ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ "ዊንተር ማለት ክረምት" ተባልን። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ነጭ በረዶ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ነው። ፈተና ላይ "ዊንተር የትኛው ወር ነው?" የሚል መጣ። ሐምሌ ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ። ቤት ስመለስ ውጪ ዝናብ እየወረደ ነበር፣ ክረምት መሆኑን ማንም ያውቃል። በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ዝናቡ እንጂ ብርዱ አይደለም ስሙን የሰጠው። አሁን እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ታህሳስ ደግሞ አብዛኛው መፀው ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ መጨረሻው ላይ በጋ ይገባል። ይታያችሁ፣ በጣም የሚበርደን ሌሊት በጋ ሊገባ ሲል ነው። ለበረዶም ቢሆን ያለን ቃል አንድ ነው። ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፣ ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚዘንበውም በረዶ ነው።

ስለ ሌሊቱ ብርድ ግን ሌላ ቃል አለን። ውርጭ። ይህን ቃል በደንብ ያወቅሁት ከአጎቴ ነው። ኩታበር አካባቢ ያርሳል። አንድ ዓመት ህዳር ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮከቡ በእጅ የሚነካ ይመስላል። እኔ "እንዴት ያምራል!" እላለሁ። አጎቴ ግን ዝም ብሎ ሽቅብ ያያል። "ዛሬ ደመና ቢኖር በወደድኩ" አለ። ጠዋት ስንወርድ ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ በነጭ አመዳይ ተሸፍኗል። ፀሐይ ሲነካው ጠቆረ፣ በፈላ ውኃ የተነከረ መሰለ። ተዳፋቱ ላይ ያለው ግን ደህና ነበር።

ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ይገባኛል። በክረምት ደመናው ለምድሩ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት አያስወጣም። ህዳርና ታህሳስ ላይ ልብሱ ይገፈፋል። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ያድራል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። አጎቴ ይህን በፊዚክስ አልተማረውም። ባቄላውን ቆሞ እያየ "ውርጭ መታው" ብቻ ነው ያለው። የዚያ ዓመት ሽሮ ከገበያ ተገዛ።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021 ማለት ነው፣ ቴክሳስን ከባድ ብርድ መታት። ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ሚኒሶታ ላሉ ሰዎች ይህ የተለመደ ነው። ቴክሳስ ግን ሞቃት አገር ናት። ቤቱም፣ የውኃ ቧንቧውም፣ የመብራት ማመንጫውም ለዚያ ብርድ አልተሠራም። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ቧንቧው ፈነዳ። ግዛቲቱ በኋላ ቆጥራ ያወጣችው የሟች ቁጥር 246 ነው።

የአክስቴ ልጅ ሁለት ሌሊት ልጆቿን አቅፋ አድራለች። ሚኒሶታ ያለ ጓደኛዋ ደውሎ "ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?" አላት። "ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ" ብላኛለች። "ለካ ብርዱ ውጪ ያለው አይደለም፣ ቤት የሚገባው ነው" አለችኝ። ጓደኛዋ ከዜሮ በታች 30 ውስጥ ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ በቲሸርት ይቀመጣል።

ከሞቱት ውስጥ ለመሞቅ ሲሉ የሞቱ አሉ። መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ አስነስተው፣ ወይም ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ምክንያቱም እኔም በዚያው መንገድ ልሄድ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ታህሳስ ነው። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። ማንደጃውን ደጅ አቀጣጠልን፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ከሰሉ ፍም ሲሆን አስገባን። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግነው። ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም ብለን ነው ያደግነው። በሩን ዘጋን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍን። ሌሊት እናቴን ራሷን አመማት። ልትወጣ ተነስታ በሩ ላይ ወደቀች። ስትወድቅ በሩ ተከፈተ። ያ ነው ያተረፈን። ወንድሜን ጎትተን ስናወጣው ሰውነቱ እንደ ልብስ ተዝለፍልፎ ነበር።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። የጋመው፣ ቀይ የሆነው፣ "ደህና ነው" የምንለው ፍም ነው የሚያወጣው። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። እንቅልፉ ነው ክፉው። እባካችሁ፣ ደሴም፣ ቦሩ ሜዳም፣ ኩታበርም ያላችሁ፣ ማንደጃ ይዛችሁ አትተኙ። ሙቁና አውጡት። መስኮት ገርበብ አድርጉ። ይበርዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ክፈቱት።

ብርድ የለም የሚለው ወሬ እኔን የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የለም ስለምንል ቤት ስንሠራ አናስበውም። የአያቴ ቤት የጭቃ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። እኛ አሁን ያለንበት ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ጎህ ሲቀድ ከቆርቆሮው ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ በጠርዙ ግን ንፋስ ይገባል። ቤቱን የሠራነው በራሳችን ገንዘብ ነው፣ በደስታ ነው። ስለ ታህሳስ ሌሊት ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ ኮርኒስ ላሠራ ነው። ከእናቴ ክፍል እጀምራለሁ። የአልጋዋን ራስጌ ከመስኮቱ አርቄዋለሁ። የውኃ መያዣ ላስቲክም ገዝቼላታለሁ፣ ማታ ሙቅ ውኃ ሞልቼ እግሯ ሥር አደርግላታለሁ። መጀመሪያ አፈረች። "እኔ ምን ሆንኩ፣ ፈረንጅ አደረግኸኝ" አለች። አሁን ከመሸ በኋላ ራሷ ትጠይቀኛለች።

ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ ሳሏ ቀነሰ።

ይኸው ነጋ። ፀሐይዋ የጦሳን ተራራ ጫፍ ነክታለች። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ከተማው ትወርዳለች። እኛ ግድግዳ ላይ እስክትደርስ ገና ነው። ጎረቤታችን ያሉት እትዬ ግን ከወዲሁ በርጩማቸውን አውጥተው ቦታ ይዘዋል። እናቴም ነቅታለች፣ ስትስል ሰማኋት። ቡልኮዋን ልመልስላትና ይዣት ልውጣ።